ከላንዶቨር እስከ ሐረጎ፦ በኮኖች መሃል መንዳት
(በደሴ በተካሄደው የቀድሞ ተማሪዎች መሰባሰቢያ ላይ የቀረበ ንግግር)

 

አዘጋጅ ኮሚቴው «ከሙያሽ ውጭ ስለምትሠሪው ነገር ሃያ ደቂቃ ተናገሪ» ሲለኝ «የመኪና ውድድር» የሚል ርዕስ ላክሁ። በማግሥቱ ስልክ ተደወለ። ደዋዩ ጓደኛችን በትልቅ ትሕትና «የመኪና አደጋ ለማለት ፈልገሽ ነው?» አለኝ። አይ፣ ውድድር ነው አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «እሺ፣ እንግዲያው ከምሳ በኋላ እናድርገው፣ ሰው እንዳይተኛ» አለኝ። ይኸው ከምሳ በኋላ ነው። የተኛ ካለ ተጠያቂው እሱ ነው።

ጥርጣሬው ይገባኛል። እኛ ጋ የመኪና ውድድር ሲባል ትዝ የሚለን ወይ ፎርሙላ ዋን ነው ወይ የጎረቤታችን የኬንያ ሳፋሪ ራሊ፤ በ1953 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ2021 ወደ ዓለም ሻምፒዮና የተመለሰው፣ መኪናው በአቧራ ውስጥ እየዘለለ የሚያልፍበት። የእኔው ሁለቱንም አይመስልም። ስሙ ኦቶክሮስ ይባላል። (እንግሊዞች ይህንኑ ስም በሣር ሜዳ ላይ ለሚያደርጉት ለሌላ ውድድር ይጠቀሙበታል፤ እኔ የምናገረው ስለ አሜሪካኖቹ ነው።) ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ይፈለጋል። አስፋልቱ ላይ ብርቱካንማ ኮኖች ተደርድረው ጠመዝማዛ መንገድ ይሠራል። መኪኖቹ ተራ በተራ ይገባሉ፣ የሚሽቀዳደሙት ከሰዓት ጋር ብቻ ነው። አንዱ ዙር አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ገብተህ እዚያው ትጨርሳለህ። ፍጥነቱ በአውራ ጎዳና ላይ ማንም ሰው ከሚነዳው አይበልጥም፤ ግን በዚያ ፍጥነት እንደ ሐረጎ ያለውን ኩርባ በየሦስት ሰከንዱ መዞር ነው።

እኔ ያገኘሁት ከ2008 እስከ 2010 ዓ.ም. ለትምህርት ሜሪላንድ በነበርኩበት ጊዜ ነው። የተቀመጥኩት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እህቴ ቤት ነበር። የእህቴ ባል የሐይቅ ልጅ ነው፤ ዋሽንግተን ላይ ለብዙ ዓመት ታክሲ ነድቷል። አንድ እሁድ ላንዶቨር ባለው በትልቁ የአሜሪካ ፉትቦል ስታዲየም በኩል ሲያልፍ ማቆሚያው ላይ መኪኖች ሲሽከረከሩ ያያል። ማታ ቤት ገብቶ «አማቴ፣ ያበዱ ሰዎች አይቻለሁ፤ አንቺ ሐኪም ነሽ፣ ሄደን እንያቸው» አለኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ሄድን። ያበዱ አልነበሩም። ጡረታ የወጡ መምህራን፣ መካኒኮች፣ የኮምፒውተር ሰዎች፣ ከልጇ ጋር በአንድ መኪና ተራ በተራ የምትነዳ እናት ነበሩ። በ1944 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ የዋሽንግተን ቅርንጫፍ ነው የሚያዘጋጀው። ክለቡ ጨዋታውን «ሶሎ» ይለዋል፣ ብቻህን ስለምትሮጥ። በየዓመቱ ለሚደረገው ብሔራዊ ውድድር ኔብራስካ፣ ሊንከን ላይ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ይሰበሰባል። ማንም ደሞዝ አይከፈለውም።

ሕጉን ልንገራችሁ፣ ሐኪም ሕግ ይወዳል። አንድ ኮን ከጣልክ ወይም በኖራ ከተሰመረለት ሣጥን ካስወጣኸው 2 ሰከንድ ይጨመርብሃል። ነክተኸው በቦታው ከቀረ ምንም የለብህም። መስመር ከሳትክ ዙሩ አይቆጠርም። ሰዓቱ እስከ ሰከንድ ሺኛ ድረስ ይያዛል። ከመግባትህ በፊት መኪናህ ይመረመራል፦ የጎማ ብሎኖቹ ጠብቀዋል ወይ፣ ባትሪው ታስሯል ወይ፣ የፍሬን ፔዳሉ ሲረገጥ ጠንካራ ነው ወይ፣ መኪናው ውስጥ የሚንከባለል ነገር አለ ወይ። የእግር ምንጣፍ እንኳ ይወጣል፣ ፔዳል ሥር እንዳይገባ። ራስ ቁር ግዴታ ነው፤ የሌለው ከክለቡ ይዋሳል። እኔን ከሁሉ በላይ የማረከኝ ግን ሌላ ነው፦ የነዳ ሁሉ ይሠራል። ተራህን ከነዳህ በኋላ ቀይ ባንዲራና የእሳት ማጥፊያ ይዘህ ፀሐይ ላይ ቆመህ የሌላውን ሰው ኮን ታነሣለህ። ዶክተርም ብትሆን፣ ጄኔራልም ብትሆን። ቀዶ ሕክምና ክፍላችን ይህን ሕግ ቢያወጣ ምን ይውጣቸው ነበር የምላቸው መምህሮች አሉ፣ ዛሬ እዚህ ስላሉ ስም አልጠራም።

ጠዋት መኪና ከመነሣቱ በፊት ሁሉም ሰው መንገዱን በእግሩ ይሄዳል። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ። ያን ጊዜ ታዩአቸው እንደሆነ እጃቸውን መሪ እንደያዘ ሰው እያወዛወዙ ብቻቸውን የሚያወሩ ሰዎች ናቸው። የሚያደርጉት መሸምደድ ነው። እኛ አናቶሚ ስንማር የነርቭን መንገድ ከየት ተነሥቶ በምን ሥር አልፎ የት እንደሚደርስ ዓይናችንን ጨፍነን እንደምንወጣው ማለት ነው። ለዚያ ጎንደር ላይ ሌሊት የተቀመጥነው ቁጭታ በስተርጅና ኮን ለመሸምደድ ይጠቅማል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ አስተማሪ አጠገብህ ይቀመጣል። የእኔው ሰውዬ የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ የነገረኝ አንድ ነገር ነው፦ ዓይንሽን አንሺ። ሰው አፍንጫው ሥር ያለውን ኮን ያያል፤ መኪና ደግሞ ዓይን ወዳየበት ነው የሚሄደው። ማየት ያለብህ ሁለት ኮን አልፎ ያለውን ነው፣ ይሄኛው አንዴ አልቋል።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ክብደት ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ በኋላ ስለምፈልገው። መኪና መሬት የሚነካው በአራት ቦታ ብቻ ነው፣ እያንዳንዱ የመዳፍ ያህል። ፍሬን ስትይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላው ጎማ ይቀልላል። ነዳጅ ስትሰጥ ወደ ኋላ ይሄዳል። ስትዞር ወደ ውጭው ጎን ይጋደማል። ጎማ ደግሞ ያለው አቅም እንደ ወር ደሞዝ ነው፤ ሁሉን ለፍሬን ካዋልከው ለመዞሪያ የሚተርፍ የለም። ኩርባ ውስጥ ደንግጦ ፍሬን የሚረግጥ ሰው መሪውን ቢያዞርም መኪናው ቀጥ ብሎ ገደል የሚገባው ለዚህ ነው። ስለዚህ ፍሬን ቀጥታው ላይ፣ ከዚያ ፍሬኑን ቀስ ብሎ እየለቀቁ መዞር፣ ከዚያ መሪው ሲቃና ነዳጅ። ሁሉም በለስላሳ እጅና በለስላሳ እግር። ከውጭ ለሚያይ በጣም ፈጣኑ ነጂ ቀርፋፋ ይመስላል። ጎማው የሚጮኽበት፣ መሪ የሚታገል ልጅ ሰዓቱ ሲነገር ሁልጊዜ ከኋላ ነው።

እሺ፣ አሁን ወደ ዋናው ነገር። አገሬ ተመልሼ ይህን ሳወራ አንድ በጣም የማከብረው ታላቅ ሐኪም «ሰኞ የሰፋሽውን እሁድ ልትቀጂው ነው?» አለኝ። ቀልድ አልነበረም። ሥራዬን ታውቃላችሁ፣ ድንገተኛ ክፍል ነኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ላለው ሰው ከሞት ምክንያቶች ሁሉ አንደኛው ይኸው ነው። እነዚያን ሰዎች በቁጥር ሳይሆን በጫማቸው ነው የማውቃቸው፤ ቃሬዛው ሲገባ መጀመሪያ የሚታየኝ እግር ነውና። ታዲያ እንዴት ፍጥነትን እጫወትበታለሁ?

ለእሱ የመለስኩለትን ለእናንተም ልመልስ። ኮኖቹ መሃል አህያ የለም፣ ከትምህርት ቤት የሚወጣ ልጅ የለም፣ ከፊትህ የሚመጣ የለም። የሚሞት ነገር ቢኖር ፕላስቲክ ነው። ደግሞም ፍጥነት ምን እንደሆነ በሰውነትህ ታውቀዋለህ። በ80 የሚሄድ መኪና ፍሬን ከተያዘ በኋላ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት በ40 ከሚሄደው እጥፍ አይደለም፣ አራት እጥፍ ነው። ይህን ሁላችሁም ፊዚክስ ላይ ተምራችሁታል፤ ፍሬን ይዛችሁ ኮኑ ሲመጣባችሁ ያያችሁት ግን ስንቶቻችሁ ናችሁ? ይሁንና ውድድር ሰውን ያረጋጋል ብዬ አልምልም። እኔን አረጋግቶኛል። «አሁንማ ቻልኩ» ብሎ መንገድ ላይ የሚብሰውን ሰውም አይቻለሁ። ሁለቱም አለ።

ከአውሮፕላን ኮምቦልቻ ላይ የወረዳችሁ ሁሉ ትናንት ሐረጎን ወጥታችኋል። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ከ600 ሜትር በላይ ትወጣለች። ስትወጡ የደሴ ጉም የተቀበላችሁም ትኖራላችሁ። ከጅቡቲ በሚሌ፣ በባቲ አድርጎ የሚመጣው ተሳቢ፣ አልቃይዳ የምንለው አይሱዙ፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ፣ ሁሉም በዚያችው መንገድ ነው። ስትወርዱ መስኮቱን ክፈቱና አሽትቱ። የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ ከፊታችሁ ያለው መኪና ፍሬን ነው። ሕዝቡ «ፍሬን እምቢ አለው» ይላል፤ ፍሬን ግን እንዲያው በድንገት እምቢ አይልም። ቁልቁለቱን ሙሉ ሲረገጥ ይግላል፣ ሸራው መያዝ ይተዋል፣ ዘይቱ ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ እስከ ወለል ይሰምጣል። መድኃኒቱ ከጫፉ ጀምሮ ከባድ ማርሽ ማስገባትና መኪናውን በሞተሩ መያዝ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ የሚወርድ ሹፌር ደግሞ አለ፤ የሚቆጥባት ግማሽ ሊትር ትሆናለች። (ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚን መኪና ከውጭ እንዳይገባ ስለተባለ ኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁ አላችሁ። ለእናንተ ሐረጎ ጓደኛ ናት፦ ሲወጣ የበላውን ባትሪ ሲወርድ ጥቂት ይመልሳል። ክብደቱን ግን አትርሱ፣ ኩርባ ላይ ባትሪም ሥጋ ነው።)

መኪናዬን የምትጠብቁ ካላችሁ፣ ቪትዝ ናት። አዎ ሳቁ። ኦቶክሮስ መኪና አይመርጥም፤ በየደረጃው ከመሰሉ ጋር ነው የሚወዳደረው፣ ላንዶቨርም የነዳሁት የእህቴን ያሪስ ነበር።

ችግሩ ቦታ ነበር። ደሴ ላይ ኳስ መሬት ብታስቀምጥ ቦርከና ወንዝ ትገኛለች፤ ጠፍጣፋ የሚባል ነገር የለንም። ኮምቦልቻ ግን ሜዳ አላት። ሰፊ የጭነት ማቆሚያ ግቢ ያላቸው አንድ ሐጂ እሁድ ጠዋት እንዲፈቅዱልኝ ለመንኳቸው። «ልጄ፣ ሥራ ጠፍቶ ነው?» አሉኝ። ሥራውማ በዝቶ ነው አልኳቸው። ሳቁና ቁልፉን ሰጡኝ። ይህ በ2015 ዓ.ም. ነው። ኮን የለም፤ ቢጫ ጀሪካን ሩቡን ውሃ ሞልተን አስቀመጥን፣ ሥሩን በኖራ አሰመርን፣ ሰዓቱን በስልክ ያዝን። ሁለት መካኒኮች፣ አንዲት ፋርማሲስት፣ አንድ የባንክ ሠራተኛና እኔ። ራስ ቁር ከሞተር ሳይክል ነጂዎች ተዋስን። በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስኬድ ቀጥታ አልሠራንም፣ አሁንም አንሠራም።

አምቡላንሱ የገባው ሳይታሰብ ነው። ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ በየወረዳው የቀሩት አምቡላንሶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ያሉት ደግሞ ቀንና ሌሊት ይሮጣሉ። አንድ ሹፌር፣ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ ሰው፣ እሁድ ኮምቦልቻ ሰው አድርሰው ሲመለሱ ግቢው በር ላይ ቆመው አዩን። «ዶክተር፣ ምን እየሠራችሁ ነው?» አሉ። ይግቡና ይሞክሩት አልኳቸው። «27 ዓመት ነድቼ በጀሪካን መሃል ልታስነጂኝ?» አሉኝ። ጋሼ በሞቴ አንድ ጊዜ አልኩ። ገቡ። በላንድክሩዘር አምቡላንስ አንድም ጀሪካን ሳይነኩ ወጡ። ጨዋ ነጂ ናቸው። ከዚያ አንድ ነገር ለመንኳቸው፦ አሁን እርስዎ ከኋላ አልጋው ላይ ይተኙ፣ ቀበቶ እናስርዎታለን፣ መካኒኩ ደግሞ እርስዎ በነዱበት ፍጥነት ይንዳ።

ዙሩ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ሲወርዱ በሩን ይዘው ትንሽ ቆሙ። ፊታቸው ላብ ነበር። «ይሄን ሁሉ ዓመት በማን ላይ ስፈርድ ነበር» አሉ።

አልጋው ላይ የሚሆነውን ለማታውቁት ልንገር፤ ሐኪም ሆነን አብዛኞቻችን ተኝተንበት አናውቅም። ታካሚ ጭንቅላቱ ወደ ሹፌሩ ሆኖ ነው የሚጫነው። ፍሬን ሲያዝ መላ ሰውነቱ ወደ ጭንቅላቱ ይንሸራተታል። ነዳጅ ሲሰጥ ወደ እግሩ ይመለሳል። መንገዱ አይታየውም፣ ስለዚህ ለሚመጣው ኩርባ ጡንቻውን ማዘጋጀት አይችልም። ጤነኛ ሰው ያቅለሸልሸዋል። የጭኑ አጥንት ለተሰበረ ሰው እያንዳንዱ ኩርባ አዲስ ስብራት ነው። ቅድም ስለ ክብደት የነገርኳችሁ ሁሉ፣ ያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄደው ነገር፣ የጎማ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሰው ነው።

ከዚያ እሁድ ጀምሮ ጨዋታው ተለወጠ። ለአምቡላንስ አዲስ ሕግ አወጣን። ጀሪካን 2 ሰከንድ፣ እንደ አሜሪካኖቹ። አልጋው ላይ ግን አፉ ክፍት የሆነ ጣሳ ውሃ ይታሰራል፤ ከፈሰሰ 10 ሰከንድ። ወዲያው የሚያሸንፈው ሰው ተለወጠ። ወጣቱ የባንክ ሠራተኛችን ሁልጊዜ አንደኛ ነበር፤ አሁን ጋሼን የሚያሸንፋቸው የለም። እስካሁን 14 የአምቡላንስ ሹፌሮች መጥተው ነድተዋል፣ ሁሉም መጀመሪያ ተኝተዋል። መተኛቱ ግዴታ ነው።

ሌላም ነገር ከራሊ ወሰድን። ራሊ ላይ ከነጂው ጎን የሚቀመጠው ሰው ቀጣዩን ኩርባ እያነበበ ይነግረዋል። እኛ ገለበጥነው፦ ሹፌሩ ነው ለኋላው የሚናገረው። «ቀኝ፣ ረጅም።» «ፍሬን።» «ጉድጓድ።» ከመድረሱ ሁለት ሰከንድ በፊት። ከኋላ ያለችው አዋላጅ ወይም ነርስ እጇን ታዘጋጃለች። ባለፈው ክረምት በኩታበር በኩል ከወሊድ በኋላ የምትደማ እናት ሌሊት መጣች፤ ጉሙ በጣም ከባድ ነበር። ሹፌሩ ከእኛ አንዱ ነው። አዋላጇ ቀበቶ ታስራ አንድ እጇ ማሕፀኑን እንደያዘ መንገዱን ሙሉ እንዳልለቀቀች ስታወርድ ነገረችኝ። «ሲናገር ስለምሰማው ነው፤ ጨለማ ውስጥ በድምፁ ነው የመጣሁት» አለች። እናቲቱን ያዳናት ኦቶክሮስ ነው አልልም፤ ደም ነው ያዳናት፣ የአዋላጇ እጅ ነው። እኔ ግን ያን ሌሊት መኪናው ሲቆም የሰማሁትን አልረሳም፣ ምክንያቱም ምንም አልሰማሁም። ፍሬን አልጮኸም።

አዋላጇ ቀበቶ ታስራ ያልኩትን ልብ በሉልኝ። ስንቶቻችሁ ታካሚ አጅባችሁ ስትሄዱ ከኋላ ቀበቶ ታስራችኋል? ብዙ አምቡላንስ ላይ ለአጃቢው ቀበቶ ራሱ የለም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከጤና ቢሮ ያላችሁ አላችሁ፤ የእኔ ልመና ይህች ናት፦ ስትገዙም ስትጠግኑም የኋላውን መቀመጫ ቀበቶ እዩ። ኮን አልለምናችሁም፣ ጀሪካን አለን።

ያልተፈታ ነገር አለኝ፤ መምህሮቼ ፊት ስለሆንኩ ልናገረው። እሁድ እሁድ አጥሩ ላይ ወጣቶች ይሰበሰባሉ። ባጃጅ የሚነዱ ልጆች ናቸው። ማታ ማታ ኮምቦልቻ ቀጥታው ላይ እንደሚሽቀዳደሙ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ከነሱ ሁለቱን በራሴ እጅ አክሜአለሁ። «እኛንም አስገቡን» ይላሉ። መካኒኩ «ቦታ ካገኙ መንገዱን ይተዋሉ» ባይ ነው። ፋርማሲስቷ «ቅምሻ ሰጥተን እሳት ልናስነሣ ነው» ትላለች። ባጃጅ ሦስት እግር ነው፣ ኩርባ ላይ በቀላሉ ይገለበጣል፣ በላዩ ላይ የሚያድን ነገር የለውም። ስለዚህ ባጃጅ አይገባም ብያለሁ፣ ከዚህ አልነቃነቅም። ግን ልጆቹስ? በእኔ ቪትዝ፣ አስተማሪ አጠገባቸው አስቀምጬ ላስነዳቸው? በማን ኃላፊነት? ኢንሹራንስ የጠየቅኩት ሰው ገና ሳልጨርስ ነው ራሱን የነቀነቀው። በአንድ እሁድ ለጊዜው ሦስቱን ጠርቼ የመኪና ምርመራውን አስተማርኳቸው፦ ብሎን፣ ፍሬን ፔዳል፣ ጎማ። ከዚያ ጀሪካን አንሺ አደረግኳቸው። አንደኛው፣ እግሩን ያከምኩት፣ በሚቀጥለው እሁድም ከሁላችን በፊት በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ከዚህ በላይ የት ድረስ እንደምሄድ አላውቅም። የሕዝብ ጤና የምታስተምሩ ሰዎች ዛሬ ማታ እራት ላይ አጠገቤ ብትቀመጡ ደስ ይለኛል፤ ክርክሩ ለሁለታችንም አይከፋም።

ነገ እሁድ ነው። በረራችሁ ከሰዓት የሆነ ሁሉ ወደ ኮምቦልቻ መውረዳችሁ ስለማይቀር፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ከሆቴሉ በር አምቡላንስና ቪትዝ ይነሣሉ። ጋሼ ይነዳሉ። አልጋው ላይ ለመተኛት እስካሁን ሦስት ሰው ተመዝግቧል፤ አንዱ አናቶሚ ያስተማሩን መምህራችን ናቸው፣ አብሽሩ ብያቸዋለሁ፣ በደንብ እናስርዎታለን። ቁርስ በልታችሁ እንዳትመጡ። ሐጂ ከአልጋው በኋላ እንድንበላ ጨጨብሳ እናስደርጋለን ብለዋል።